ለእኔ 600፣ ለወንድሜ 1200? ሊቲየምና የሴት ኩላሊት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የ34 ዓመት ሴት ናት፤ የምትኖረው አዲስ አበባ ነው። ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ የሚንርበትና የሚወርድበት የአእምሮ ሕመም) አለባት። የ38 ዓመት ወንድሟም እንዲሁ፤ እሱ አሜሪካ ነው። ሁለቱም ሊቲየም ካርቦኔት ይወስዳሉ። እሱ በቀን 1200 ሚሊ ግራም ይወስዳል፤ የደም ውጤቱ (በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ሊቲየም፣ በሚሊ ሞል) 0.8 ነው። እሷ 900 ትወስድ በነበረ ጊዜ ውጤቷ 1.1 ደርሶ እጇ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ሐኪሟ ወደ 600 አወረደላት፤ አሁን 0.7 ነው። የሁለቱም ክሬአቲኒን (የኩላሊት ሥራ የሚታይበት የደም ምርመራ) 1.0 ነው። እሷ 52 ኪሎ፣ እሱ 80 ኪሎ። «ኩላሊታችን እኩል ከሆነ ለምንድን ነው ግማሹን ብቻ የሚሰጡኝ? ሴት ስለሆንኩ ነው ወይስ ሐኪሜ ፈርቶ ነው? በሚቀጥለው ዓመት መውለድ እፈልጋለሁ። ሌላ መድኃኒት አልወስድም፤ የወር አበባ ሲያመኝ አይቡፕሮፌን ካልሆነ በቀር። ደግሞ ወንድሜ ቀስ ብሎ የሚለቀቀውን ባለ 450 ልኮልኛል፤ እሱን መጀመር እችላለሁ?» ብላለች።

ሰላም እህቴ። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ስለጻፍሽ አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው «ትንሽ ከፍ ብሏል ተባልኩ» ብሎ ብቻ ይጽፍና ለመመለስ ያስቸግራል። እኔ ክሊኒካል ፋርማሲስት ነኝ። ይሄን የምጽፍልሽ ሐኪምሽ ጋ ስትሄጂ ምን እንደምትጠይቂ እንድታውቂ ነው፤ መጠን ለመቀየር ግን እሱን ሳታማክሪ ምንም አታድርጊ።

መልሱን ላስቀድም። ሐኪምሽ አልፈራም፤ የተነፈግሽውም ነገር የለም። አንቺ በ600 0.7 ላይ ነሽ፤ ወንድምሽ በ1200 0.8 ላይ ነው። አብዛኛው ሰው ለረጅም ጊዜ ሲወስድ የሚፈለገው ከ0.6 እስከ 0.8 ነው፤ ሁለታችሁም እዚያ ውስጥ ናችሁ። ሊቲየምን በሚሊ ግራም ማወዳደር ትርጉም የለውም። የሚወዳደረው ደም ውስጥ ያለው ነው። «ኩላሊታችን እኩል ከሆነ» ያልሽው ላይ ግን መቆም አለብን፤ እኩል አይደለም። ክሬአቲኒን የሚባለው ቁጥር ሴቶች ላይ ሲደርስ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ባለሙያም ጭምር።

መጀመሪያ ስለ ሊቲየም ራሱ። አብዛኞቹን የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ጉበት ሰባብሮ ነው የሚያስወግዳቸው። ሊቲየም ግን ማዕድን ነው። የሚሰባበር ነገር የለውም፤ እንደገባ ይወጣል። ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚወጣው በሽንት ነው፤ ላብና ሰገራ የሚያስወጡት ጥቂት ነው። ስለዚህ ኩላሊት ትንሽ ሲደክም ወይም ትንሽ ሲበረታ ወዲያው ደም ላይ ይታያል።

ኩላሊት ደግሞ ሊቲየምን ሶዲየም ነው ብሎ ነው የሚያየው፤ ማለት የገበታ ጨው ውስጥ ያለውን። መጀመሪያ ያጣራዋል፤ ከዚያ በቱቦዎቹ ሲያልፍ ሶዲየሙን ወደ ደም ሲመልስ ሊቲየሙንም አብሮ ይመልሰዋል። ከተጣራው ውስጥ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ከአምስት አንድ ወይም ከአራት አንድ ያህሉ ብቻ ነው። ውሃ ወይም ጨው ሲያጥርሽ ኩላሊት «ሶዲየም ይቆጠብ» ይላል፤ ሊቲየሙንም ይቆጥበዋል። ችግር የሚመጣው ያኔ ነው። በ1949 አሜሪካ ውስጥ የልብ ሕመምተኞች ጨው ተከልክለው በምትኩ ሊቲየም ክሎራይድ ምግባቸው ላይ ይነሰንሱ ነበር። መጠኑን የሚቆጣጠርላቸው አልነበረም። ሰውነታቸው ጨው የተራበ ስለነበር ኩላሊታቸው ሊቲየሙን አልለቅ አለ፤ የሞቱም ነበሩ፤ ምርቱም ከገበያ ወጣ። ጆን ኬድ የሚባለው የአውስትራሊያ ሐኪም ሊቲየም ለማኒያ (ስሜት ከልክ በላይ ለሚንርበት ሕመም) እንደሚረዳ የጻፈው በዚያው ዓመት ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ያው ማዕድን አንዱ ጋ መድኃኒት፣ ሌላው ጋ መርዝ ሆነ። አሜሪካ መድኃኒትነቱን የፈቀደችው በ1970 ነው።

አሁን ወደ እናንተ ቁጥር እንምጣ፤ አብረን እናስላው። አንድ ባለ 300 ኪኒን ውስጥ 8.1 ሚሊ ሞል ሊቲየም አለ። 900 ስትወስጂ በቀን 24.3 ይገባል። የአንቺ ኩላሊት በደቂቃ 15 ሚሊ ሊትር ያህል የደም ፈሳሽ ከሊቲየም ያጸዳል እንበል፤ ላንቺ ዕድሜ፣ ክብደትና ክሬአቲኒን ይሄ የሚጠበቅ ነው። በቀን 21.6 ሊትር ይመጣል። 24.3ን ለ21.6 ስታካፍዪ 1.1 ታገኛለሽ። ያ እጅሽን ያንቀጠቀጠሽ ውጤት ነው። 600 ስትወስጂ የሚገባው 16.2 ነው፤ ለ21.6 ሲካፈል 0.75። የአሁኑ ውጤትሽ ማለት ነው። ወንድምሽ ደግሞ በደቂቃ 26 ያህል ቢያጸዳ በቀን 37.4 ሊትር ነው፤ በ1200 የሚገባው 32.4 ስለሆነ በ0.8 እና በ0.9 መካከል ይወድቃል። ይሄ ስሌት ሻካራ ነው፤ ማንም በዚህ መድኃኒት እንዲያዝ አልፈልግም። ግን የተጻፉልሽ ውጤቶች ምንም እንቆቅልሽ እንደሌለባቸው ያሳያል።

ታዲያ ክሬአቲኒናችሁ ለምን እኩል ሆነ? ክሬአቲኒን የጡንቻ ቆሻሻ ነው። ጡንቻ የበዛበት ሰው በቀን ብዙ ያመርታል። ወንድ በኪሎ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ግራም፣ ሴት ከ15 እስከ 20 ያህል። ሁለት ግቢ አስቢ፤ አንዱ በቀን አንድ ጆንያ ቆሻሻ ያወጣል፣ ሌላው ሁለት። ማታ ስታዪ ሁለቱም በር ላይ የቀረው ቆሻሻ እኩል ከሆነ፣ ባለ ሁለት ጆንያው ግቢ የሚያነሳለት ሰው የበለጠ ይሠራል ማለት ነው። የወንድምሽ 1.0 እንደዚያ ነው። ያንቺ 1.0 ግን ትንሽ ተመርቶ፣ ያ ትንሹም ቀስ እያለ እየተነሣ የቀረ ነው።

ላብራቶሪዎች ኢጂኤፍአር ብለው የሚጽፉት፣ ማለት ኩላሊት በደቂቃ ምን ያህል እንደሚያጣራ የሚገምተው ቁጥር፣ ይሄን ለማረም ነው፤ ዕድሜና ጾታ አስገብተው ያሰሉታል። አሁን በሰፊው በሚሠራበት የ2021 ቀመር ክሬአቲኒኑ 1.0 የሆነ የ38 ዓመት ወንድ 99 ይወጣለታል። ያው 1.0 ያላት የ34 ዓመት ሴት 76። ያውም አንቺ በአራት ዓመት ታንሺዋለሽ። በዚህ ላይ ቀመሩ የሚሰጠው ቁጥር መካከለኛ ቁመና ላለው ሰው ተደርጎ የተስተካከለ ስለሆነ፣ 52 ኪሎ ለሆነች ሴት እውነተኛው ከ76ም ዝቅ ይላል፤ 80 ኪሎ ለሆነ ወንድ ደግሞ ከ99 ከፍ ይላል። ብዙ ቦታ ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ክሬአቲኒን ብቻ ነው፤ ጎኑ «ኖርማል» ይባልና ይታለፋል። ሊቲየም የምትወስድ ቀጭን ሴት ላይ 1.0ን ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። በሚቀጥለው ስትሄጂ «ኢጂኤፍአሬ ስንት ነው? ካለፈው ዓመት ጋር ሲተያይስ?» ብለሽ ጠይቂ። ካልተጻፈ ስልክ ላይ በሚገኝ ማስያ ሐኪምሽ በደቂቃ ያወጣዋል። 76 በራሱ የሚያስደነግጥ አይደለም። ትልቁ ነገር ከዓመት ዓመት ወዴት እየሄደ ነው የሚለው ነው።

«ሴት ስለሆንኩ ነው?» ላልሽው እንግዲህ፣ ከፊሉ አዎ፣ አብዛኛው ግን በመጠን ነው። የሴት ኩላሊት በአማካይ ትንሽ ነው፤ የሚያጣራውም በዚያው ልክ ያንሳል። ክብደትና የማጣራት አቅም ከተስተካከለ በኋላ ጾታ ለብቻው የሚጨምረው ልዩነት ይጠባል። አንቺን የሚያክል ቀጭን ወንድ ቢሆንም ከ1200 በታች ሊበቃው ይችላል። ከዚያ የቀረውን ልዩነት በደንብ ለማወቅ የዘገየንበት ምክንያት ግን ያናድደኛል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ1977 መውለድ የሚችሉ ሴቶች በመጀመሪያዎቹ የመድኃኒት ሙከራዎች እንዳይገቡ መመሪያ አውጥቶ ነበር፤ የተነሣው በ1993 ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ወንድ ላይ የተለካ መጠን ለሴት ሲታዘዝ ኖረ። ሊቲየም ዕድለኛ የሆነው በደም ስለሚለካ ነው፤ መጠኑ ቢሳሳት ደሙ ይናገራል። የደም ልኬት የሌላቸው መድኃኒቶች ላይ ግን ሴቷ የምትናገረው እጄ ተንቀጠቀጠ፣ አደነዘዘኝ ብላ ብቻ ነው፤ ያንንም የሚሰማት ካገኘች።

የወር አበባ ዑደት ውጤቱን ያዛባዋል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ዑደቱ ራሱ በአብዛኛዎቹ ሴቶች ላይ መጠን የሚያስቀይር ለውጥ አያመጣም። አንቺ ጋ ያሳሰበኝ ሌላ ነው፤ «ሌላ መድኃኒት አልወስድም» ካልሽ በኋላ በጨረፍታ የጣልሽው አይቡፕሮፌን።

አይቡፕሮፌን መድኃኒት ነው እህቴ፤ ከሊቲየም ጋር ደግሞ በደንብ ይጋጫል። ኩላሊት የደም ፍሰቱን ለመጠበቅ ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ነገሮች ያመርታል። የማህፀን ቁርጠቱን የሚያመጡትም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው፤ አይቡፕሮፌን ቁርጠቱን ሲያጠፋ የኩላሊቱንም አብሮ ያጠፋል። ያኔ ሊቲየም መውጣቱ ይቀንሳል። ደም ውስጥ ያለው ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 በመቶ ይጨምራል፤ ሰውነቱ ውሃ ያነሰው ሰው ላይ ከዚያም ይብሳል። አንድ ኪኒን አንድ ቀን ብትወስጂ ይሄ ሁሉ አይመጣም። ግን የወር አበባ ሕመም አንድ ቀን አይደለም፤ ሁለትና ሦስት ቀን በየስምንት ሰዓቱ ይወሰዳል፣ ምግብም አይበላም፣ አንዳንዷም ታስመልሳለች። ሦስቱ ሲገጥሙ 0.7 የነበረው ወደ 1.0 ሊሄድ ይችላል። ዳይክሎፌናክም፣ ኢንዶሜታሲንም፣ ናፕሮክሰንም ያው ናቸው፤ ኢንዶሜታሲን እንዲያውም ይብሳል። ፓራሲታሞል ግን ሊቲየምን አይነካም፤ ካልበቃሽ ትኩስ ውሃ በላስቲክ መያዣ ሆድ ላይ ማድረግ ጨምሪበት። ሕመሙ ከዚያ በላይ ከሆነ ለሐኪምሽ ንገሪው፤ የማህፀን ሐኪም ሊያይሽ ይገባ ይሆናል። አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅሽ፤ ያ 1.1 የወጣው ደምሽ የተቀዳው በወር አበባሽ ሰሞን ነበር? ከሆነ ለሐኪምሽ ንገሪው፤ የ900ው ታሪክ ትንሽ ሊቀየር ይችላል።

ይሄን ለፋርማሲ ባልደረቦቼም ነው የምለው። አንዲት ሴት «ለወገብ ሕመም» ብላ ስትመጣ ዳይክሎፌናክ ከመስጠታችን በፊት ሌላ ምን ትወስጃለሽ ብለን እንጠይቅ። የአእምሮ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ባንኮኒ ላይ፣ ሰው እየሰማ፣ በራሱ አፍ አይናገርም። ዝቅ ባለ ድምፅ መጠየቅ የእኛ ሥራ ነው። የደም ግፊት መድኃኒቶችም አሉ፤ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሊቲየምን ከፍ ያደርጋሉ። አንቺ ገና ወጣት ነሽ፤ አንድ ቀን ግፊት ቢገኝብሽ ግን መጀመሪያ የምትናገሪው ሊቲየም እንደምትወስጂ ይሁን።

አሁን ወደ እርግዝናው። ሴትን ከወንድ በእውነት የሚለያት እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አደርገዋለሁ።

ሴት ስታረግዝ ኩላሊቷ ከወትሮው ግማሽ ያህል ጨምሮ ያጣራል፤ ለውጡም የሚጀምረው ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ሊቲየምም አብሮ ይፈሳል። በ2017 የወጣ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው የደም ሊቲየም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በአማካይ 24 በመቶ፣ በመካከለኛዎቹ ሦስት ወራት 36 በመቶ፣ በመጨረሻዎቹ 21 በመቶ ቀንሷል። ከወሊድ በኋላ ደግሞ ከእርግዝና በፊት ከነበረው 9 በመቶ ያህል ከፍ ብሏል። ላንቺ ሲተረጎም፣ 600ውን ሳትቀይሪ ብትቀጥዪ ስድስተኛው ወር ላይ 0.7ሽ ወደ 0.45 ሊወርድ ይችላል። መድኃኒትሽን አንድ ቀን ሳታጓድዪ እየወሰድሽ ሕመሙ ሊመለስ ይችላል ማለት ነው። ያን ጊዜ ቤተሰብ «መድኃኒቷን ትታ ነው» ይላል። እናትሽንና ባለቤትሽን ከወዲሁ አስረጃቸው።

በዚህ የተነሣ እርጉዝ ሴት ደሟ ቶሎ ቶሎ መለካት አለበት። የዚያ ጥናት ባለሙያዎች እስከ 34ኛው ሳምንት በየሦስት ሳምንቱ፣ ከዚያ እስከ ወሊድ በየሳምንቱ፣ ከወሊድ በኋላ ለሁለት ሳምንት በሳምንት ሁለቴ ይላሉ። እኛ አገር ይሄ ለብዙ ሰው ከባድ ነው። ሊቲየም በተገኘበት ቦታ ሁሉ ሊቲየሙን የሚለካ ማሽን አይገኝም፤ ማሽኑ ቢኖር መለኪያ ኬሚካሉ ያልቃል። ስለዚህ ከማርገዝሽ በፊት የቱ ላብራቶሪ ነው ያለማቋረጥ የሚሠራው፣ ውጤቱን በስንት ቀን ይሰጣል የሚለውን አጣሪ። ይሄ ከሕፃን ልብስ በፊት የሚዘጋጅ ነገር ነው።

ልጁስ? ሊቲየም በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል። በ2017 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ትልቅ ጥናት ላይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊቲየም ከወሰዱ እናቶች ከተወለዱ 100 ሕፃናት 2.4 ያህሉ የልብ አፈጣጠር ችግር ነበረባቸው፤ ካልወሰዱት እናቶች ከተወለዱት 1.15 ያህሉ። አደጋው ከመጠኑ ጋር ይሄዳል። በቀን ከ900 በላይ በሚወስዱት ላይ ወደ ሦስት እጥፍ ሲደርስ 600 እና ከዚያ በታች በሚወስዱት ላይ ጭማሪው በጣም ትንሽ ነበር። አየሽ፣ ያ «ግማሽ ብቻ ነው የተሰጠኝ» ያልሽው 600 እዚህ ላይ ጠቅሞሻል። ከ18ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የፅንሱን ልብ በደንብ የሚያይ አልትራሳውንድ ጠይቂ። ፎሊክ አሲድም ከማርገዝሽ በፊት ጀምሪ።

«እንግዲያው እተወዋለሁ» የሚል ሐሳብ ከመጣልሽ ደግሞ ይሄን አስቢ። ባይፖላር ያለባቸው ሴቶች በጣም የሚያገረሽባቸው በአራስነት ነው። በ2016 የወጣ የብዙ ጥናቶች ድምር ላይ በእርግዝና ጊዜ ያለ መድኃኒት ከቆዩት 66 በመቶው ከወሊድ በኋላ አገርሽቶባቸዋል፤ መድኃኒት ላይ ከቆዩት 23 በመቶው። በድንገት ማቆም ደግሞ ለብቻው አደገኛ ነው። ውሳኔው ያንቺና የሐኪምሽ ነው፤ ያለፈው ሕመምሽ ምን ያህል ከባድ እንደነበር እሱ ያውቃል። እኔ የምለው፣ የእርግዝና ምርመራው ላይ ሁለት መስመር አይተሽ በዚያው ቀን ኪኒኑን ወደ ሽንት ቤት እንዳትጥዪው ነው። ደውዪለት።

ሌላው አጥብቄ የምነግርሽ፣ ማንም «ሊቲየም ለእርጉዝ ጥሩ አይደለም፣ በቫልፕሮኤት ይቀየር» ቢልሽ እሺ አትበዪ። ቫልፕሮኤት፣ ሌላው የባይፖላር መድኃኒት፣ ለፅንስ ከሊቲየም በጣም የከፋ ነው። ከተጋለጡ ሕፃናት ከአሥር አንዱ ገደማ ከባድ የአፈጣጠር ችግር ይዞ ይወለዳል፤ ከአሥር ሦስቱ ወይም አራቱ በአእምሮ ዕድገታቸው ላይ ችግር ይታያል። እኛ አገር ከሊቲየም ይልቅ በቀላሉ የሚገኘው እሱ በመሆኑ ብዙ ወጣት ሴት ይሄ ሳይነገራት ትወስደዋለች። ይሄ እንቅልፍ ይነሳኛል።

እርግዝናው ውስጥ ሁለት ቦታ ላይ አቅጣጫው ይገለበጣል። አንደኛው ማስመለሱ ሲበረታ ነው። ውሃና ጨው ስታጪ ኩላሊት መቆጠብ ይጀምራል፤ ይወርዳል የተባለው ሊቲየም ደም ውስጥ ከፍ ይላል። ቀኑን ሙሉ ምንም ካልረጋልሽ ቀጣዩን ኪኒን ከመዋጥሽ በፊት ደውዪ። ሁለተኛው ምጥና ወሊድ ነው። ደም ይፈሳል፣ ፈሳሽ ይቀንሳል፣ ጨምሮ የነበረው የኩላሊት አቅምም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል። በእርግዝና መጠኑ ወደ 900 ከፍ ተደርጎልሽ ከነበረና ከወለድሽ በኋላ ማንም ሳያስታውስ በዚያው ከቀጠልሽ፣ አራስ ቤት ሆነሽ ወደዚያ 1.1 ወይም ከዚያ በላይ ትመለሻለሽ። እጅ መንቀጥቀጡና ድካሙ «የአራስ ነው» ተብሎ ይታለፋል። እዚህ ላይ ደግሞ ዳይክሎፌናክ ይመጣል፤ በኦፕራሲዮን ከተወለደ ለሕመሙ በመርፌ መስጠት የተለመደ ነው። የማዋለጃ ካርድሽ ፊት ላይ በትልቁ አስጽፊ፦ ሊቲየም ትወስዳለች፣ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አይሰጣት፣ ከወሊድ በኋላ መጠኑ ይህን ያህል ይሁን። ምጥ የሚመጣው ሌሊት ነው፤ ሐኪምሽ እዚያ አይኖርም፤ ካርዱ ይናገርልሽ። የእርግዝና ግፊት ከመጣም ኩላሊት ቶሎ ስለሚጎዳ ደሙ ወዲያው ይለካ። ጡት ማጥባቱን በተመለከተ ሊቲየም ወደ ወተት ስለሚገባ ብዙ መመሪያዎች አይመክሩትም፤ ከመውለድሽ በፊት ከሐኪምሽና ከሕፃናት ሐኪም ጋር ተነጋግራችሁ ጨርሱት።

የረጅም ጊዜውን ነገር ባጭሩ። በ2015 ከእንግሊዝ ኦክስፎርድ የወጣ ትልቅ የላብራቶሪ ጥናት ሊቲየም ከኩላሊት አቅም መቀነስ፣ ከታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) ሆርሞን ማነስና ከካልሲየም ከፍ ማለት ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። የኩላሊቱና የታይሮይዱ ችግር ሴቶች ላይ፣ በተለይ ከ60 ዓመት በታች በሆኑት ላይ ይበዛ ነበር። ደማቸው ላይ ያለው ሊቲየም ከፍ ብሎ የቆየባቸው ደግሞ የበለጠ ተጎድተዋል። ሐኪምሽ 1.1 አይቶ ያወረደው በዚህም የተነሣ ትክክል ነው። ክሬአቲኒን፣ የታይሮይድ ምርመራና ካልሲየም ቢያንስ በየስድስት ወሩ ይታዩልሽ። ታይሮይድ ሲያንስ ሰውነት ይከብዳል፣ ይበርዳል፣ ሐሳብ ይደክማል፤ ድብርት ተመለሰ ተብሎ ሌላ መድኃኒት ይጨመራል፤ ችግሩ ግን በሆርሞን ኪኒን የሚስተካከል ነው። ሽንት ከበዛብሽና ሌሊት ውሃ ለመጠጣት የምትነሺ ከሆነ ተናገሪ። ሊቲየም ኩላሊት ውሃ እንዲቆጥብ የሚያደርገውን ሥርዓት ያደክማል። የቀኑን መጠን በአንድ ጊዜ ማታ መውሰድ ብዙ ሰው ላይ ሽንቱን ይቀንሳል። ውሃ መጠጣትን ግን በፍጹም አትቀንሺ።

ጾምን አልጠየቅሽም፤ ግን እጨምረዋለሁ። የጾም ምግብ ጨው አለው፤ ሽሮው አይጎዳሽም። የሚያሳስበኝ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀመስ መዋሉ ነው። ፓኪስታን ውስጥ ረመዳንን በጾሙ ሕሙማን ላይ የተሠራ ጥናት ውጤታቸው የተረጋጋና ኩላሊታቸው ጤነኛ የሆኑት ላይ ጉልህ የሊቲየም ለውጥ አላገኘም፤ ይሄ ደስ ይላል። ተቅማጥ፣ ትኩሳት ወይም ማስመለስ ሲጨመርበት ግን ጾሙ ይፈታ፤ ለንስሐ አባትሽ ብትነግሪያቸው ይረዱሻል። ቡናም አለ። ቡና ሊቲየምን ያስወጣል፤ በቀን አራት አምስት ስኒ ስትጠጪ ኖረሽ በአንድ ጊዜ ብታቆሚ ሊቲየምሽ በሩብ ያህል ሊጨምር ይችላል። ብዙ ሴት ደግሞ እንዳረገዘች ቡና ያስጠላታል። ከለመድሽው ከቀነስሽ ለሐኪምሽ ንገሪው።

ምርመራው ራሱ በትክክል ካልተሠራ ይሄ ሁሉ ከንቱ ነው። ደም የሚቀዳው ከመጨረሻው ኪኒን 12 ሰዓት በኋላ ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ከወሰድሽ ጠዋት ሦስት ሰዓት ቅጂ፤ የጠዋት ኪኒን ካለ ከተቀዳሽ በኋላ ዋጪው። መጠን ከተቀየረ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ጠብቂ። ቱቦውንም ጠይቂ፤ ሊቲየም ሄፓሪን የሚባል ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር ያለበት ቱቦ አለ፤ በእሱ ከተቀዳ ቱቦው ውስጥ ያለው ሊቲየም ተደምሮ ውጤቱ በሐሰት ያሻቅባል። ምንም ሳይሰማሽ 2 ወይም 3 ቢወጣ ከመደንገጥ በፊት በየትኛው ቱቦ ነው የተቀዳው ማለት ነው። ወረቀት ላይ ያለው መለኪያ ስምም አያስጨንቅሽ፤ ያንቺ በሚሊ ሞል፣ የወንድምሽ በሚሊ ኢኩቫለንት ቢጻፍ ለሊቲየም ቁጥሩ አንድ ነው። እጅሽ በኃይል ከተንቀጠቀጠ፣ ስትራመጂ ከተንገዳገድሽ፣ ንግግርሽ ከተጎተተ ወይም ካስመለሰሽና ካስቀመጠሽ ግን ኪኒኑን መውሰድ አቁሚና በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

የመጨረሻው፣ ወንድምሽ የላከው ባለ 450። ወንድምሽ አስቦልሽ ነው፤ ሊቲየም ከፋርማሲ ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ ያውቃል። ግን አሁን አትጀምሪው። አንዱን ብትወስጂ ካንቺ መጠን በሩብ ያንሳል፤ ያለሽበት 0.7 ወደ 0.5 ይወርዳል። ሁለቱን ብትወስጂ ደግሞ 900 ነው፤ ያ ለአንቺ ምን እንዳደረገ አይተሻል። ቀስ ብሎ የሚለቀቅ ስለሆነም አይደቀቅም፣ አይታኘክም። ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው ሲኬድ በሳምንቱ ደም መለካት አለበት። ካርቶኑን እንዳለ ይዘሽ ሐኪምሽ ጋ ሂጂ፤ ማብቂያ ቀኑንም አሳዪው። እዚህ ያለው ኪኒን ቢጠፋ በምን መጠን እንደምትቀየሪ አሁኑኑ ይጻፍልሽ። ወንድምሽ ሌላ ጊዜ መላክ ከፈለገ በአሜሪካ ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ባለ 300ም አለ፤ ሐኪምሽ ከተስማማ ሁለቱ ላንቺ መጠን ይመጣል።